ከጉርድ ፎቶ ወደ የቁም ፎቶ፦ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ፎቶግራፈር መሆን እችላለሁ?

የመንቆረር ልጅ | እሁድ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ይህን ክር ለመክፈት ሁለት ወር አስቤበታለሁ። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ዕድሜዬ 25 ነው። የተመረቅሁት በአካውንቲንግ ነው። ሥራ እስካገኝ ብዬ አንድ ፎቶ ቤት ገባሁ፤ ያ «እስካገኝ» ያልሁት አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ፎቶ የተማርሁት እዚያ ነው። ጉርድ ፎቶ ማንሳት፣ ጆሮ እንዲታይ ሻሽ ገፋ ማስደረግ፣ ከጀርባ ያለ ጥላ ማጥፋት፣ ሰርግ ላይ ለባለ ካሜራው መብራት መያዝ፣ ከዚያ ኤዲት፣ ከዚያ ማተም። ሌላ ትምህርት ቤት አላየሁም።

አንድ ቀን ከጮቄ ሥር ካለ ገጠር አንድ ወጣት መጣ። አባቱ አርፈው ነበር። በእጁ የያዘው የቀበሌ መታወቂያቸውን ነው። «ለለቅሶው ትልቅ አርጉልኝ» አለን። ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገጠር ያለ ሽማግሌ አንድ ፎቶ ቢኖረው የመታወቂያው ነው። ሲያርፍ ያቺ ጥፍር የምታህል ፎቶ ትላቀቅና ትጎላለች። 30 በ40 ሆና፣ ክፈፍ ገብታ፣ በለቅሶው መሀል ከፍ ተደርጋ ትያዛለች።

የዚህኛው ችግር ማህተሙ ነበር። ሰማያዊው ማህተም ልክ ግራ ዓይናቸው ላይ አርፏል። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ቀለሙን ቀስ እያልሁ አነሳሁት። ከሥሩ ግን ዓይን አልነበረም፤ ቀለሙ በልቶታል። ስለዚህ ቀኝ ዓይናቸውን ገልብጬ በግራው ቦታ አስቀመጥሁት። ሲያዩት አያስታውቅም። ጠዋት ልጁ አየው፣ አለቀሰ፣ ይዞ ሄደ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው ራሳቸው መጡ። ፎቶውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውታል። አልተቆጡኝም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ግራ ዓይኑን በጣታቸው ነኩት። «ልጄ፣ ይሄኛውን ዓይኑን ሞራ ከለበሰው አሥር ዓመቱ ነበር። ይሄ የማን ዓይን ነው?»

የምመልሰው አጣሁ። እስካሁንም የለኝም።

ከዚያ ወዲህ በእረፍት ቀኔ አንድ ሥራ ጀመርሁ። ዩዝድ ካሜራና አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለኝ፤ በቁጠባ የገዛኋቸው ናቸው። ወደ ገጠር ወጣ እልና ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን አነሳለሁ። በሳምንቱ ፎቶውን አትሜ ይዤላቸው እመለሳለሁ። ገንዘብ አልቀበልም። እስካሁን 61 ሰው አንስቻለሁ። ለሥራው ስም ያወጡለት አንድ አባት ናቸው። ፎቷቸውን ስሰጣቸው አገላብጠው አዩትና «እንግዲህ የቁም ተዝካሬን አወጣሽልኝ» አሉኝ፤ ሰው በሕይወት ሳለ ለራሱ የሚያወጣውን ተዝካር ማለታቸው ነው። እኔም «የቁም ፎቶ» አልሁት።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። አዲስ አበባ ሄጄ በሥርዓት መማር አለብኝ ወይስ እዚሁ ይቻላል? ከሰርግና ከጉርድ ፎቶ ሌላ እንጀራ አለው? ኤግዚቢሽን ላሳይ ብል ከ61ዱ ውስጥ እንዴት ልምረጥ? ደግሞ ሁሌም የሚያስቸግረኝ አለ፦ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ሳነሳ ወይ ፊቱ ይጠቁራል፣ ወይ ጋቢው ይነድዳል፤ ነጭ ብቻ ሆኖ ሽመናው ይጠፋል።

---

ባለ ሃምሳው | እሁድ ማታ 3፡25

እህቴ፣ የዓይኑን ነገር ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። እኔም ባሕር ዳር 17 ዓመት ሰርግ አንስቻለሁ። ስንት መታወቂያ አጉልቻለሁ መሰለሽ። የማን ዓይን ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

ቀላሉን ላስቀድም። ጋቢው። ካሜራ ፊትን አያውቅም። የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርገው ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ጋቢው ፍሬሙን ከሞላው «ይሄ በጣም ነጭ ነው» ብሎ ያጨልመዋል፤ አብሮ ፊትም ይጠቁራል። ያን ጊዜ ኤክስፖዠሩን፣ ማለት የሚገባውን ብርሃን፣ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ ነው) ከፍ አርጊው። በር ላይ አስቀምጠሽ ከጀርባ የቤቱ ጨለማ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጨለማውን ሊያበራ ሲል ጋቢውን ያነደዋል። አንድ ስቶፕ ዝቅ። በተረፈ ሁልጊዜ በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት ፋይል) አንሺ። በጄፔግ የነደደ ጋቢ አይመለስም።

በሩን ከጠቀስሁ አይቀር፣ ገጠር ቤት ውስጥ ከበሩ የበለጠ ስቱዲዮ የለም። ሰውየውን ደፉ ላይ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አርገሽ አስቀምጪ። ፊቱን ወደ ውጭ። ብርሃኑ ከአንድ በኩል ለስላሳ ሆኖ ይመጣል። ጋቢው ራሱ ከታች ብርሃን ይመልስልሻል፣ አገጭ ሥር ያለውን ጥላ ያነሳዋል። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቢሆን ደስ ይለኛል። እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ነው ወደ ላይ የምትወጣው። 4 ሰዓት ካለፈ ቅንድብ ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይሠራል።

ስለ እንጀራው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ጎጃም ውስጥ ካሜራ የሚያበላው ሰርግ ነው። ሰርግ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የለም። ጥር አለ፣ ከፋሲካ በኋላ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ካሜራው ቁም ሳጥን ይገባል። ክረምትም እንደዚያው። እኔ እንግዲህ የጥርን ገንዘብ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹ የጾሙ ወራት ነው፣ አልነካውም። አንቺ ግን ሌላ ነገር አለሽ። ያ ባዶ የሆነው ወቅት ለ«የቁም ፎቶ» ጊዜሽ ነው። እኔ ያን ጊዜ 17 ዓመት ካርታ ስጫወት አሳልፌዋለሁ፣ ይቆጨኛል።

---

አራት ኪሎ | ሰኞ ጠዋት 4፡10

የመንቆረር ልጅ፣ እኔ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ የተማርሁ ነኝ። ትምህርቱን በተመለከተ በጠቅላላው «ሂጂ» ወይም «ቅሪ» ማለት ይከብደኛል። የሌሎቹን መንገድ ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ።

አይዳ ሙሉነህን ታውቂያት ይሆናል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች፤ ያጠናችው ፊልም ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ፖስት ላይ የጋዜጣ ፎቶ አነሳች። በ2007 በማሊዋ ባማኮ ላይ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። አገሯ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች። አሁን የምናውቃቸው፣ ፊታቸው በነጭ፣ በቀይ፣ በሰማያዊ የተቀባ ሴቶች የሚታዩባቸው ሥራዎቿ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሚካኤል ፀጋዬ በሌላ በር ነው የገባው። የተማረው በአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ሥዕል ነው። ሲመረቅ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበት። ሠዓሊ፣ ቀለም የማይስማማው! ካሜራ አነሳ። ፎቶዎቹን ስታያቸው ግን ሥዕል የተማረ ሰው መሆኑ ይታወቃል። ባዶ ቦታ አይፈራም።

ግርማ በርታ ደግሞ ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው። የአዲስ አበባን ሊስትሮ፣ ሻጭ፣ ተሸካሚ በስልክ እያነሳ፣ ከመንገዱ ለይቶ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ከነጥላቸው አቆማቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፎቶ ድርጅቱን የጌቲንና የኢንስታግራምን የገንዘብ ድጋፍ አሸነፈ። በስልክ እኮ ነው የምልሽ።

ሙሉጌታ አየነንም ልጨምር፣ ምክንያቱም ያንቺ ሥራ ከለቅሶ ነው የተነሳው። የአሶሼትድ ፕሬስ ፎቶ አንሺ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መጋቢት 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ ከተከሰከሰ በኋላ ስፍራው ላይ ነበር። አንዲት ሐዘንተኛ አፈር አፍሳ ፊቷ ላይ ስትበትን ያነሳት ፎቶ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ውድድር ላይ በዚያ ሥራው ተሸለመ። ያንን ፎቶ የትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም። አፈር መበተን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው ጊዜውን ጠብቆ የሚያነሳው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፦ አዲስ አበባ ለዲግሪ ሳይሆን ለዓይን ነይ። ኤግዚቢሽን እይ፣ ፎቶዎችሽን ለሰው አሳዪ፣ ጠንካራ ትችት ስሚ። የፖርትፎሊዮ ግምገማ የሚባል ነገር አለ፤ ሥራሽን ይዘሽ ከአንድ ባለሙያ ፊት ቁጭ ትዪና ይነግርሻል። ያንን አንድ ጊዜ ማግኘት የአንድ ዓመት ያህል ወደፊት ያራምድሻል። ከዚያ ተመለሺ። ሥራሽ ያለው እዚያ ነው።

---

ቢቸና | ሰኞ ቀን 7፡30

ማንንም ለማስቀየም አይደለም፣ ግን ዝም ብል ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

አያቴ ያረፉት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከማረፋቸው በፊት አንድ ካሜራ የያዘ እንግዳ ደጃችን መጥቶ አንስቷቸው ሄደ። ቡና አፍልተንለታል። ፎቶውን እልካለሁ አለ። አልላከም። ከዓመት በኋላ አንድ ዘመድ ኢንተርኔት ላይ አገኘው። ስማቸው የለም፣ «የኢትዮጵያ ገበሬ» ይላል። ፊታቸው ብቻ፣ ሽብሽባቸው ብቻ፣ እንደ ደረቀ መሬት ተደርጎ።

አያቴ ዳኛ ነበሩ። የአካባቢውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ። ሲወጡ ቁምጣቸው የተተኮሰ፣ ዱላቸው የተወለወለ፣ ጋቢያቸው እንደ ወተት የነጣ ነበር። ያ ሁሉ የት ሄደ?

አንቺ ፎቶውን መልሰሽ ትሰጫለሽ፤ ጎሽ። ግን አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉስ? እነዚያ 61 ሰዎች ያንን ፈቅደዋል? ደግሞስ ስለምን ሁሌ ሽማግሌ?

---

የፍኖተ ሰላሙ | ሰኞ ቀን 8፡05

የቢቸና ጥያቄ የሕግም ጥያቄ ስለሆነ ጣልቃ ልግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም ይላል። ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉት። ይህኛው ግን ከእነሱ አይመደብም። ስለዚህ እህታችን፣ «ልሰጥዎ ነው» ብለሽ ያነሳሽው አንድ ነገር ነው፣ «አዲስ አበባ ልሰቅልዎ ነው» ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቂ። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በልጃቸው ፊት፣ በጣት አሻራ ይሁን።

ለራስሽም አንድ ነገር ያዢ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም ያነሳው ሰው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ካለበት ነው። ጥበቃው 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ባተምሽው ፎቶ ሁሉ ጀርባ ላይ ስምሽንና አድራሻሽን ጻፊ። በፋይሉም ውስጥ አስገቢ። ባለ ፎቶ ቤቶች ማህተም የሚያደርጉት ለጌጥ ይመስለን ነበር፤ ጥቅም አለው።

---

ባለ ሃምሳው | ሰኞ ቀን 8፡20

የፍኖተ ሰላሙ፣ ይህን ከአሥር ዓመት በፊት ባውቅ ኖሮ። የጣና ታንኳ ያነሳሁት ፎቶ አንድ መሥሪያ ቤት የቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ አየሁት። ሄጄ ስጠይቅ «ያንተ ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ስሜ የትም አልነበረም። ዋናው ፋይልም ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ጠፍቶብኛል። የመንቆረር ልጅ፣ ፋይልሽን በሁለት ቦታ አስቀምጪ። አንዱ ከቤትሽ ውጭ ይሁን።

---

የመንቆረር ልጅ | ሰኞ ማታ 1፡50

ሁላችሁንም አነበብሁ። ቢቸና፣ የአያትህን ነገር እንዲህ ስለነገርከን አመሰግንሃለሁ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ልመልስልህ።

መጀመሪያ ላይ እኔም እንደዚያ እንግዳ ነበርሁ። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ፎቶዎች ሁሉ ፊት፣ ሽብሽብ፣ ዓይን ነበሩ። እኔም ጠጋ ብዬ ፊት ብቻ አነሳሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት አትሜ ይዤ ስሄድ አንድ አባት ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። እንደገና ፊቱን አዩ። «እግሬስ?» አሉኝ። እንዴት አባባ? አልኋቸው። «እግሬን የት አደረግሽው? ሰው ሲያየኝ ሽባ ነበር ይበል?» ለፎቶው ብለው አዲስ ጫማ አድርገው ነበር እኮ። እኔ ቆርጬዋለሁ።

አምስቱንም እንደገና ሄጄ አነሳኋቸው። ከዚያ ወዲህ አልመራቸውም። «እንዴት ይሁን?» እላለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል መቆም ነው የሚፈልጉት። ሙሉ ቁመት። ዱላ በቀኝ። አንዲት እናት ጥጥ የሚፈትሉበትን እንዝርት ይዘው ካልሆነ አልነሳም አሉ። አንድ ቄስ መቋሚያቸውን ይዘው ቆሙ። አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን ከበረት አስወጡ፤ «ያለ እሱ እኔ ማን ነኝ?» አሉኝ። በሬው አልቆም ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ፈቃዱን በተመለከተ ግን ልክ ነህ። ኤግዚቢሽን ብዬ አልጠየቅሁም። ከ61ዱ አራቱ በመሀል አርፈዋል። የአራቱንም ቤተሰብ ሄጄ እጠይቃለሁ። እንቢ ያለኝን አላሳይም።

ስለምን ሽማግሌ ላልኸው፣ የኔ ምክንያት ቀላል ነው። ወጣቱ ስልክ አለው። ሺህ ፎቶ አለው። እነሱ ያላቸው መታወቂያ ብቻ ነው፣ እሱም ማህተም ያረፈበት።

---

የቅኔ ቤት ልጅ | ሰኞ ማታ 4፡00

እኔ ፎቶ አላውቅም። ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ልጅነቴን ግን በአኩፋዳና በደበሎ፣ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው ስዞር ነው ያሳለፍሁት። ዋሸራን፣ ያንን የቅኔ ቤት፣ አይቻለሁ። ስለ ትምህርት ስትጠይቂ እኛ ጎጃም ውስጥ ትልቅ ትምህርት ቤት እንዳለን ትዝ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

የቅኔ ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ አይማርም። ቀን ቀን ብቻውን ይወጣል። ጫካ ይገባል፣ ወንዝ ዳር ይቀመጣል፣ ቅኔውን በሐሳቡ ይቆጥራል፣ ማለት ያዘጋጃል። ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ። ጎዶሎ ከሆነ ይሰብሩታል። ነገ ደግሞ ይወጣል። ማንም «ዲግሪ ይዘሃል?» አይለውም። አንዱ ቤት የጎደለውን ሌላው ቤት ይሞላዋል፤ ተማሪው ዋሸራ ብሎ ጎንጅ የሚሄደው ለዚያ ነው። «አራት ኪሎ» የጻፈልሽ የፖርትፎሊዮ ግምገማ ይኸው አይደለም? ማታ ለየኔታ መንገር ነው።

አሁን ስለ ምርጫው። ቅኔ ሲጀመር በጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት መስመር ብቻ። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ ታድጊያለሽ፣ ሦስት ቤት። ማንም በረጅሙ በመወድስ አይጀምርም። 61 ፎቶ መወድስ ነው፣ በአንዴ አይያዝም። አንቺም በሁለት ጀምሪ። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጪ። አንዱ ለአንዱ የሚለው ነገር ካለ ጉባኤ ቃና ሆነ። ከሌለ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልሽ አሥር ጥንድ ካገኘሽ ኤግዚቢሽንሽ ያ ነው።

ስሙም ደስ ብሎኛል። የቁም ሥዕል ማለት የታወቀ ነው። የቁም ተዝካርም የታወቀ ነው። አንቺ ሁለቱን በአንድ ቃል ይዘሻቸዋል። እኒያ አባት ቅኔ ተምረው መሆን አለበት።

---

እማ ዓለም | ማክሰኞ ጠዋት 2፡15

እኔ ሞጣ ነኝ። እናቴ 80 አልፏታል። አንድም ፎቶ የላትም። ዛሬ ይህን አንብቤ በስልኬ ላነሳት ሄድሁ። «ቆይ ልልበስ» ብላ አንድ ሰዓት ጠበቅኋት። ሹሩባዋን ራሷ ነካካችው። በሩ ላይ ቆመች። ብቻ ይህን ልነግራችሁ ነው።

---

የመንቆረር ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

እማ ዓለም፣ እባክሽ አሳትሚው። ስልክ ላይ አይቅር። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። እግራቸውም ይታይ!

---

ጣና ዳር ክፈፍ | ማክሰኞ ቀን 9፡00

ባሕር ዳር ክፈፍ እሠራለሁ። እኔ የማውቀው ፎቶው ከታተመ በኋላ ያለውን ነው፣ እሱን ልናገር። የመንቆረር ልጅ፣ ሥራሽን የሚገድለው ጭስ ነው።

ገጠር ቤት ውስጥ ምድጃ አለ። ጥላሸቱ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ቅባት አለው፣ በጨርቅ ሲጠርጉት ይብስበታል። ሰው ይህን ፈርቶ ላሚኔት ያስደርጋል። ላሚኔት አልመክርም። ጠርዙ በተከፈተ ቀን እርጥበት ይገባና ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ወዲያ መላቀቅ የለውም። መስታወት ያለው ክፈፍ ይሻላል። ግን ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ። በክረምት መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል፤ የነካው ፎቶ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀራል። የአንድ ሟች ፊት እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ባሉበት ነው የተላጠው። ስለዚህ በመሀል የወፍራም ካርቶን ጠርዝ አድርጊ። ከጀርባ በወረቀት ቴፕ ዝጊው፣ አቧራና ጭስ እንዳይገባ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቀል።

ስታሳትሚ ደግሞ ቀለሙን ጠይቂ። ርካሽ ኢንክጀት ቶሎ ይለቃል፣ መጀመሪያ የሚሄደው ቀይ ነው፣ ሰው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የፎቶ ቤት ላብራቶሪ ላይ የታተመው በጣም ይበልጣል።

---

አራት ኪሎ | ማክሰኞ ማታ 2፡30

ቢቸና፣ ትናንት የጻፍከው ሌሊቱን ሲመላለስብኝ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የቀድሞ ፎቶዎች ውስጥ ቤተ መንግሥቱ ትልቅ ቦታ አለው። እንደ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያሉት ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነገሥታቱንና መኳንንቱን ያነሱ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች ተመልከታቸው። ሙሉ ቁመት ናቸው። ካባው፣ ጎራዴው፣ ጫማው ይታያል። ስማቸው ከሥር አለ። ፊቱ ብቻ ተቆርጦ፣ ስም አልባ ሆኖ የተነሳው ገበሬው ነው። የመንቆረር ልጅ የምታነሳቸው ሽማግሌዎች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። መኳንንቱ በቆሙበት አቋቋም ነው የሚቆሙት።

ስለዚህ ኤግዚቢሽን ስትሠሪ ከሥሩ ስማቸው ይኑር። ሙሉ ስም ከነአባት። የፈቀዱትን ማለቴ ነው።

---

ቢቸና | ማክሰኞ ማታ 2፡55

አራት ኪሎ፣ አሁን ተግባባን። የመንቆረር ልጅ፣ በኛ በኩል ከመጣሽ ማረፊያ አታስቢ። እናቴ አለች። እሷንም ታነሻታለሽ።

---

የመንቆረር ልጅ | እሁድ ማታ 1፡15

ሳምንት ጠፋሁባችሁ። ብዙ ነገር ተሠራ።

በመጀመሪያ ፈቃድ። ካረፉት አራቱ የሦስቱ ቤተሰቦች እሺ ብለዋል። የአራተኛው ልጅ «የአባቴ ፎቶ ከቤቱ አይወጣም» አለኝ። ከኤግዚቢሽኑ አወጣሁት። በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነበር፣ ግን ፎቶው የነሱ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ እንዳልኸው ወለሉ ላይ ዘርግቼ ጥንድ ስፈልግ ነበር። ሰባት አግኝቻለሁ። አንዱን ልንገራችሁ። ባለ በሬው አባት በግራ፣ እንዝርት የያዙት እናት በቀኝ። ለየብቻቸው ሳያቸው ምንም አላየሁም ነበር። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን የሁለቱም ቀኝ እጅ አንድ ነው። አንደኛው የበሬውን ገመድ የያዘበትና ሌላዋ ክሩን የያዘችበት ጣት ልክ አንድ ዓይነት ታጥፏል። ጋሼ ባለ ሃምሳው፣ ጋቢውም አልነደደም። እርስዎ እንዳሉት በሩ ላይ አንድ ስቶፕ ዝቅ አድርጌ ነው ያነሳሁት። የሽመናው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ፎቶ ቤቱን አልለቅም። ክረምት ላይ ሰርግ ሲቆም ለአንድ ወር አዲስ አበባ እወጣለሁ። አራት ኪሎ፣ በውስጥ መስመር የጻፍክልኝን ይዤ እመጣለሁ። ማታ ማታ ለየኔታ ልነግር ነው።

በመጨረሻ ትናንት ጮቄ ሥር ወጥቼ ነበር። ወደ እኒያ እናት ቤት። ፎቶው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ያ የሐሰት ዓይን ያለው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ያነሳሁትን ማህተም መልሼ ከነሰማያዊው ያተምሁትን ሌላ ፎቶ ሰጠኋቸው። ዓይኑ የለም፣ ማህተሙ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ አዩት። «ይሄ እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ገብተው ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለበሱ። በሩ ላይ ቆሙና «በይ እኔን ደግሞ» አሉኝ። ውጭው ጉም ስለነበር ብርሃኑ ከሁሉም በኩል እኩል ነበር። ሦስት ብቻ አነሳሁ። 62ኛዋ ናቸው።

ጣና ዳር ክፈፍ፣ ካርቶን ጠርዝ ያለው ክፈፍ ስንት ቀን ይወስድብሃል? የሳቸውን ቀድሜ ማድረስ እፈልጋለሁ።

---

ጣና ዳር ክፈፍ | እሁድ ማታ 1፡40

ሁለት ቀን ይበቃኛል። መጠኑ 30 በ40 ነው?

---

የመንቆረር ልጅ | እሁድ ማታ 1፡42

30 በ40፣ በቁሙ። የባላቸውም እንዲሁ ይሁን። ሁለቱን ጎን ለጎን ይሰቅሏቸዋል።